ባለቤቴ ሺህ ፎቶ ያነሳል፤ ለእናቴ አርባ ግን አንድ ፎቶ ጠፋ!

በዚህ ሳምንት የመረጥንላችሁ ደብዳቤ ከሰሜን ወሎ፣ ከሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ከተማ የተላከልን ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት የባልና ሚስት ኩርፊያ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡበት ግን የብዙዎቻችንን ቤት የሚያንኳኳ ሆኖ ስላገኘነው ሰፋ አድርገን ልንመልስ ወደናል። እንደተለመደው የጠያቂያችንን ማንነት የሚገልጹ ነገሮችን አስቀርተናል።

ጥያቄ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጆች። ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ? እኔ ከሆዴ በስተቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ዕድሜዬ 38 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ስሆን፣ በመርሳ አንዲት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ አስተማሪ ነው። አይጠጣም፣ አይቅምም፣ አያመሽም። ጎረቤቶቼ «አንቺ ደግሞ ምን ጎደለሽ?» ይሉኛል። የጎደለኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ባለቤቴ ካሜራ የሚባል ጣውንት አምጥቶብኛል!

ነገሩ የጀመረው ከጦርነቱ በፊት ነው። ከወልድያና ከመርሳ የተሰባሰቡ ስምንት የፎቶ ወዳጆች አሉ። አንድ እሁድ ወልድያ፣ አንድ እሁድ መርሳ ይገናኛሉ። ቡና ይፈላል፤ እያንዳንዱ የሳምንቱን ፎቶውን ያወጣል። ከዚያ በኋላ ክርክር ነው! «ብርሃኑ በዛ»፣ «የሰውየውን እግር ቆርጠኸዋል»፣ «ይቺስ ለውድድር ትላክ!» አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው ተጠጥቶ፣ በረካው ተጠጥቶ እነሱ ገና ናቸው። ተራው የኛ ቤት ሲሆን ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ። ስለ ሌንስ የሚያወሩትን ግን አንዱንም አልሰማውም።

ይባስ ብሎ ከመካከላቸው አንዱ ከተዘጋ ፎቶ ቤት የወጣ የድሮ ፎቶ ማጉያ አገኘ። ባለቤቴም የእቃ ቤቴን መስኮት በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኖ ጨለማ ክፍል አደረገው። ቀይ አምፖል ሰቀለ። ሊጥ የማቦካበትን ሳፋ ወስዶ ኬሚካል በጠበጠበት! ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ስቆጣ «ነይ፣ ዝም ብለሽ እይ» ብሎ አስገባኝ። ነጩን ወረቀት ሳፋው ውስጥ ነክሮ ሲያወዛውዘው የትንሿ ልጄ ፊት ቀስ እያለ ወጣ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ሳፋዬ ግን ሳፋዬ ነው።

አሁን ወደ ቁስሌ ልምጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስብን ልጆቻችንን ይዘን ወጣን። አልበሙ ያለበት ሳጥን ቤት ቀረ። ስንመለስ ሳጥኑም አልበሙም የለም። የሠርጌ፣ የአባቴ፣ የልጅነቴ ፎቶ አንድ እንኳ አልተረፈም። ባለቤቴ «አይዞሽ፣ እንደ አዲስ እንጀምራለን» አለኝ። እውነትም እናቴን ደጋግሞ አነሳት። ቡና ስትቆላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ከልጆቼ ጋር ስትስቅ... ያን ሁሉ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነበር ያስቀመጠው። ባለፈው ዓመት ኮምፒዩተሩ በድንገት ጸጥ አለ። ወልድያ ወሰደው፣ ደሴ ወሰደው፤ «ሐርድ ዲስኩ ሞቷል» አሉት። ከሁለት ወር በኋላ እናቴ ሞተች።

ለአርባዋ የሚቀመጥ ፎቶ ብንፈልግ ብንፈልግ የተገኘው መታወቂያዋ ላይ ያለው ጉርድ ብቻ ሆነ። እሱን አጉልተን ብናሳጥበው ደብዝዞ እናቴን አልመስል አለ። እህቶቼ በሰው ፊት «ፎቶ አንሺ አግብተሽ!» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። የሚመጣው እሁድ ሲነጋ ባለቤቴ ካሜራውን አንግቶ ወደ ወልድያ! እኔም «ወይ እኔን ወይ ካሜራውን ምረጥ» አልሁት። ይኸው አንድ ወር ሆነን፣ የምንነጋገረው በልጆቻችን በኩል ነው። ማኅበሩ ውስጥ ሁለት ወጣት ሴቶች እንዳሉም ሰው ነግሮኛል፤ እሱን ግን አንስቼበት አላውቅም። ካሜራውን ሽጠው ልበለው? ወይስ ያጠፋሁት እኔ ነኝ? ምክራችሁን እሻለሁ።

ሆዷ የተቃጠለ፣ ከመርሳ

መልስ

ውድ እህታችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለእናትሽ ነፍስ ይማር። እህት ብለን ነውና አንቺ ማለታችን ድፍረት እንዳይመስልብሽ።

በአጭሩ እንንገርሽ፤ ካሜራው አይሸጥ። ቢሸጥ የእናትሽ ፎቶ አይመለስም፣ ኩርፊያውም አይበርድም። እንዲህ ስንል ግን ባለቤትሽ ጥፋት የለበትም ማለታችን አይደለም። አለበት! ጥፋቱ ፎቶ ማብዛቱ አይደለም። ያነሳውን አሳጥቦ ለባለቤቶቹ አለመስጠቱ ነው።

የባልሽ ጥፋት የቱ ላይ ነው?

በአገራችን ፎቶ ከጥንቱም አንስተው የሚተዉት ነገር አልነበረም። በ1905 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ሙያውን ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ወረሱ። ያኔ ፎቶ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነገር ነበር። እየቆየ ወደ ከተሜው፣ ወደ አስተማሪው፣ ወደ ወታደሩ ወረደ። ሰው አምሮበት ፎቶ ቤት ይገባል፤ ከቀናት በኋላ ፎቶውን ይረከባል፤ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ብሎ ጽፎ ለወዳጁ ይሰጣል። ዛሬ እንኳ ማሽኑ በደቂቃ እያወጣው «ፎቶ አሳጠብኩ» የምንለው፣ ያ ወረቀት በውሃና በኬሚካል ይታጠብ ስለነበር ነው።

በፊልሙ ዘመን አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነበረው። ሰው ቆጥቦ ያነሳል፣ ያነሳውን ግን ያሳጥባል። አሁን በአንድ እሁድ 400 ፎቶ ይነሳል፤ የሚታጠበው የለም። ባለቤትሽ የሕፃን ልጃችሁን ፎቶ ጨለማ ክፍል ገብቶ ሲያትም፣ የእናትሽን ግን «ኮምፒዩተር ውስጥ አለ» ብሎ ተማመነ። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ፎቶ እንደሌለ ይቆጠራል። ቢያንስ ሁለት የተለያየ ዕቃ ላይ መቀመጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ሰው ቤት መሆን አለበት። ቤት ጥሎ መሰደድ ምን እንደሆነ ላየ ሰው ይህ መቼም ማብራሪያ አያሻውም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ወልድያም መርሳም ያዩት ነውና!

የእናትሽ ፎቶ ገና አልጠፋም

እህታችን፣ ተስፋ አትቁረጪ። ፎቶዋ የሰው እጅ ላይ ሊኖር ይችላል። እንዲህ አድርጊ።

አንደኛ፣ ባለቤትሽ የእናትሽን ፎቶ በቴሌግራም ለማን ለማን ልኮ ነበር? ለእህቶችሽ፣ አረብ አገር ላለ ዘመድ፣ ለማኅበሩ ጓደኞቹ? የእሱ ኮምፒዩተር ቢሞትም የተቀባዩ ስልክ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ስልኩም ፎቶዎቹን በኢንተርኔት በኩል ጎግል ላይ ያስቀምጥ ከነበረ በራሱ ኢሜይል ገብቶ ይፈልግ።

ሁለተኛ፣ የዘመድና የጎረቤት የሠርግ አልበም አገላብጪ። እናትሽ ከሙሽራ ጀርባ ቆማ፣ ድስት ስታማስል፣ እልል ስትል አትጠፋም። የድሮ የሠርግ ቪዲዮም ይታይ። ከብዙ ሰው መካከል የእሷን ፊት ለይቶ ማውጣት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የተዘጋው ፎቶ ቤት ማጉያው ብቻ ነው የወጣው? ኔጌቲቮቹስ? የድሮ ፎቶ አንሺዎች ኔጌቲቭ በካርቶን ያስቀምጡ ነበር። ባለቤትሽና ጓደኞቹ ይጠይቁ። ኔጌቲቭ ሲገኝ በጣት መሐሉን አይነካም፤ በጠርዙ ይያዛል። ነጭ ብርሃን ባለው የስልክ መስተዋት ላይ አስቀምጦ በሌላ ካሜራ በማንሳትና ቀለሙን በመገልበጥ ምስሉን ማውጣት ይቻላል።

አራተኛ፣ አሮጌ ፎቶ ሲገኝ ከባለቤቱ ተነጥቆ አይመጣም፤ እዚያው ይገለበጣል። ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ። ካሜራው ከላይ ቀጥ ብሎ ይያዝ። ፍላሽ አይብራ። ፎቶው ከመስተዋት ጋር ተጣብቆ ከሆነ ለመላጥ አትሞክሩ፤ ከነመስተዋቱ አንሱት። ጀርባው ላይ ስም ለመጻፍ እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ ይሻላል፤ እስክሪብቶ ወረቀቱን ሰርስሮ ፊቱ ላይ ይወጣል።

የተገኘውን ሲልኩላችሁ ደግሞ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ «ፋይል» ይላኩላችሁ። እንደ ፎቶ ሲላክ ተጨምቆ ያንሳል፤ የመታወቂያዋ ፎቶ የደበዘዘውም ትንሹን በግድ ስላጎላችሁት ነው። 10 በ15 ሳንቲሜትር ለሆነ ፎቶ ጥሩ የሚባለው 1,200 በ1,800 ነጥብ ነው። 20 በ25 ለሆነ የግድግዳ ፎቶ ደግሞ 2,400 በ3,000 ይፈለጋል። የተገኘው ፎቶ ትንሽ ከሆነ ትንሽ አድርጋችሁ አሳጥቡና በሰፊ ነጭ ካርቶን መሐል አድርጋችሁ ፍሬም አግቡት። ትንሽም ቢሆን ጥርት ያለው እናትሽን ይመስላል!

ስለ ሳፋው እንፈርድልሻለን

በዚህ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ አንቺ ትክክል ነሽ። የፎቶ ኬሚካል የተበጠበጠበት ሳፋ ሊጥ አይቦካበትም። ባለቤትሽ አዲስ ሳፋ ይግዛልሽ፤ አሮጌው «የፎቶ» ተብሎ ይጻፍበት። ኮምጣጤ የሸተተሽ እውነትሽን ነው። ሥራው ሦስት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ምስሉን የሚያወጣው፣ ቀጥሎ ያንን የሚያስቆመው፣ በመጨረሻም ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል ነው። የመሐለኛው የተለመደው ዓይነት ኮምጣጤን ኮምጣጤ ያደረገው አሲድ ነው። ስለዚህ ክፍሉ አየር ማስወጫ ይኑረው፣ ጓንት ይደረግ፣ ልጆች እንዳይደርሱበት በቁልፍ ይዘጋ። ምስል የሚያጸናው ኬሚካል ከሠራ በኋላ ከወረቀቱ የወጣ ብር ስለሚቀርበት ጓሮ አትክልት ላይም ወንዝ ውስጥም አይደፋም።

ይህ ሁሉ ከተጠበቀ ጨለማ ክፍሉን አትጥዪው። በደንብ የጸናና በንጹህ ውሃ የታጠበ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከሰው ዕድሜ በላይ ይቆያል። ከእኛና ከእናንተ ሐርድ ዲስክ ሁሉ ይበልጣል ማለት ነው።

የወሎን ሰው ማን ያንሳው?

ለወሎ ሰው ይህ ነገር ቅንጦት እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ታሪክ እናንሳ። ከወልድያ ወደ ሰሜን ቆቦንና አላማጣን አልፎ ኮረም ይገኛል፤ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን እዚያ ያነሳው የረሃብ ፊልም በቢቢሲ ታየና ዓለምን አስለቀሰ። እርዳታም ጎረፈ፤ ፊልሙ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ወሎ በውጭ ሰው ዓይን ያ ፊልም ብቻ ሆና ቀረች። ሌላው ካሜራ ያነገተ ሰው ደግሞ ወልድያን ረግጦ ወደ ላሊበላ ያልፋል፤ የሚያነሳው ውቅር ቤተ ክርስቲያን ነው።

ታዲያ መርሳ ላይ ቡና የምትቆላውን እናት ማን ያንሳት? ስሪንቃ መንገድ ዳር የተቀመጡትን ሽማግሌ ማን ያንሳቸው? ጠግበው፣ ለብሰው፣ ስማቸው ታውቆ? ይህን ማድረግ የሚችሉት እንደ ባለቤትሽ ያሉ፣ ሰዉን በስሙ የሚጠሩ ልጆቹ ናቸው። እህታችን፣ ባለቤትሽ በእጁ የያዘው ሥራ ይህ መሆኑን እሱም አንቺም ዘንግታችሁታል።

ለስምንቱ የማኅበሩ አባላት

ይህን ገጽ ለባለቤትሽ አሳዪው፤ እሱም ለጓደኞቹ ያሳያቸው። ወንድሞችና እህቶች፣ የእሁድ ቡናችሁ መልካም ነው። ነገር ግን «ብርሃኑ በዛ፣ አነሰ» ብላችሁ ብቻ አትለያዩ። እቁብ ግቡ! በየወሩ አዋጡና እጣ የደረሰው አባል በገንዘቡ ሌንስ ሳይሆን ፎቶ ያሳጥብበት። የቤተሰቡን፣ የጎረቤቱን፣ በወሩ ያነሳቸውን ሰዎች ፎቶ አሳጥቦ በየእጃቸው ይስጥ። በስምንት ወር ለሁላችሁም ይደርሳል። እቁብ የጣለ ሰው ደግሞ አይሰንፍም፤ ይህን ታውቁታላችሁ።

የየእድራችሁን አረጋውያን በተራ አንሱ። ካሜራችሁ ውድ መሆን የለበትም፤ ደህና ስልክም ይበቃል። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ወይም ከቀትር በኋላ ከአሥር ሰዓት ወዲህ ሂዱ። እማማን ከደጃፉ ገባ አድርጋችሁ፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙራችሁ አስቀምጡ። እስኪስቁ አጫውቱ። አደራ «ለለቅሶ እንዲሆን እናንሳዎት» እንዳትሉ! «ለልጅ ልጆችዎ» በሏቸው። እውነቱም እሱ ነው።

ሳታስፈቅዱ አታንሱ። እስላሙም ክርስቲያኑም ቤት ፎቶ መነሳት የማይወድ ሰው አለ፤ «እምቢ» ካለ በፈገግታ ካሜራውን ዝቅ ማድረግ ነው። በነሐሴ ለሶለል ያማረባቸውን ልጃገረዶች ስታነሱ እነሱንም ወላጆቻቸውንም ጠይቁ። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ማውጣት ደግሞ ሌላ ፈቃድ ነው። ኬላ፣ ድልድይና ወታደር ካለበት ካሜራችሁን ከቦርሳ አታውጡ። የእሁድ ጨዋታ ዋጋ እንዳያስከፍላችሁ።

በ2018 እ.ኤ.አ. «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚል መጽሐፍ ወጥቷል። የተሠራው በአብዛኛው ከሰዎች የቤት አልበም በተሰበሰቡ የድሮ ፎቶዎች ነው። የወልድያንና የመርሳን የቤት አልበም የሚሰበስብስ ማን ነው? ከጦርነቱ የተረፈውን እየዞራችሁ ብትገለብጡ፣ እንደ እህታችን ሳጥኑ የጠፋበት ሁሉ ከዘመድ አልበም የራሱን ሰው ያገኝ ነበር።

የቀረው የአንቺ ድርሻ

ውድ እህታችን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ማዘንሽ ጥፋት አይደለም። «ወይ እኔን ወይ ካሜራውን» ማለትሽ ግን ሐዘኑን ወደ ካሜራው ስላዞረው ዋናው ነገር ሳይነገር ቀረ። ባለቤትሽ እናትሽ በሞቱ ማግሥት ወደ ወልድያ የሄደው ሳያዝን ቀርቶ ላይሆን ይችላል። ያን ሁሉ ፎቶ ያጣው በእጁ ነውና እፍረቱን ይዞ የሸሸ ሰውም ሊሆን ይችላል። ይህን የምታውቂው ስትጠይቂው ነው። በልጆች በኩል ሳይሆን አንቺው ራስሽ፣ ማታ ልጆች ሲተኙ፣ «የእናቴን ፎቶ አብረን እንፈልግ» ብለሽ ጀምሪ። «ለምን አጠፋኸው?» ከሚለው ይህ ይሻላል።

ስለ ሁለቱ ወጣት ሴቶች የሰው ወሬ ነው የነገርሽን፤ በወሬ ትዳር አይመዘንም። አንድ እሁድ አንቺም አብረሽው ወልድያ ሂጂ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አሜሪካ አይደለም! ቡናውን ለማፍላት ሳይሆን ለመጠጣት ሂጂ። ሴቶቹንም ተዋወቂያቸው። ስለ ሌንስ የሚያወሩት ካልገባሽ «ይሄ ምንድነው?» በይ። አንድ ቀን ጨለማው ክፍል ውስጥ የልጅሽ ፊት ወረቀቱ ላይ ሲወጣ ደስ ብሎሽ የለ? እዚያ ላይ ነው ነገራችሁ ያለው።

ባለቤትሽም ከዚህ በኋላ አንድ ሕግ ይኑረው፤ የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ከቤታችሁ ፎቶ ቢያንስ 10 ይታጠብ። አንዱ አልበም ለእናንተ፣ አንዱ ቅጂ ለእህቶችሽ ይሰጥ። «ፎቶ አንሺ አግብተሽ!» ያሉሽ እህቶችሽ ያኔ አልበሙን ተቀብለው ምን እንደሚሉ እናያለን።

የእናትሽ ፎቶ የተገኘ ዕለት ጻፊልን። እኛም ለአንባቢያን እንነግራለን፤ ማንነትሽን ሳናነሳ። እናንተም አንባቢያን፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ስልካችሁን ክፈቱና የእናታችሁን ፎቶ ፈልጉ። ካላችሁ ነገ አሳጥቡ። ከሌላችሁ ደግሞ ነገ ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት በፊት!

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።